በዓመት 12 ጊዜ፦ የጡረታ ብርና የኮልፌ ገበያ
አበሉ በየስንት ጊዜ ይከፈላል? ነጋዴው፣ አከራዩና ደላላው ለምን ሊያውቁት ይገባል?

በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ከአጠና ተራ እስከ አየር ጤና፣ ከጦር ኃይሎች እስከ ዓለም ባንክ ባሉት ሠፈሮች ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ሁለት ዓይነት ደንበኞች አሉት። አንደኛው የዕለት ገቢውን ይዞ የዕለት ፍጆታውን የሚገዛ ነው። ሁለተኛው ወር ቆጥሮ የሚገዛው ደመወዝተኛና ጡረተኛ ነው። ከሁለቱ ወር ቆጣሪዎች የጡረተኛው ገንዘብ ያነሰ ይሁን እንጂ የሚመጣበት ጊዜ የታወቀ ነው። ደመወዝተኛ ከሥራ ሊሰናበት ወይም መሥሪያ ቤት ሊለውጥ ይችላል። የአገልግሎት ጡረታ አበል ግን አንዴ ከተወሰነ ባለመብቱ በሕይወት እስካለ ድረስ የሚከፈል ነው።

ከዚህ የተነሣ የጡረታ ብር በሠፈር ገበያ ውስጥ ከመጠኑ በላይ የሆነ ሥራ ይሠራል። የዱቤ ደብተር የሚዘጋው፣ የዕድር መዋጮ የሚከፈለው፣ ጤፍ ወደ ወፍጮ ቤት የሚሄደው በእርሱ ነው። ይሁንና ብዙ ነጋዴዎችና አከራዮች ይህ ገንዘብ በምን ሥርዓት እንደሚመጣ፣ መቼ እንደሚዘገይና መቼ ጨርሶ እንደሚቋረጥ ጠይቀው አያውቁም። ጥያቄው ግን የሒሳብ ጉዳይ ነው፤ የተሳሳተ ግምት የያዘ ሰው ገንዘቡን ያጣል።

ሥርዓቱ ከየት መጣ?

በኢትዮጵያ ዘመናዊው የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ የተጀመረው በ1953 ዓ.ም. በወጣ ድንጋጌ ሲሆን፣ በ1955 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ተጠናከረ። በደርግ ዘመን የመንግሥት ይዞታ የሆኑ ድርጅቶች ሠራተኞችም ተካተቱ። የግል ድርጅት ሠራተኛው ግን ረዥም ጊዜ ከሥርዓቱ ውጭ ቆይቷል። አንዳንድ አሠሪዎች ፕሮቪደንት ፈንድ ያቋቋሙ ሲሆን፣ አብዛኛው ሠራተኛ ግን ከሥራ ሲወጣ ባዶ እጁን ይወጣ ነበር።

ይህ የተለወጠው በ2003 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 714 እና የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 715 ወጡ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1267 እና 1268 ተተኩ። ዛሬ የመጀመሪያውን ዘርፍ የመንግሥት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር፣ ሁለተኛውን ደግሞ የግል ድርጅቶች ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ይመሩታል። አንድ ሠራተኛ ከመንግሥት ወደ ግል ወይም ከግል ወደ መንግሥት ቢዛወር አገልግሎቱ ይያያዝለታል።

በሁለቱም ዘርፎች መዋጮው በየወሩ ይሰበሰባል፣ አበሉም በየወሩ ይከፈላል። ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ። ለመከላከያና ለፖሊስ አባላት የአሠሪው ድርሻ 25 በመቶ ነው። መደበኛው የጡረታ መውጫ ዕድሜ 60 ዓመት ሲሆን፣ አበሉ መታሰብ የሚጀምረው ሠራተኛው ጡረታ ከወጣበት ቀጥሎ ካለው ወር አንሥቶ ነው።

መጠኑ እንዴት ይታሰባል?

በ2003ቱ አዋጆች በተቀመጠው ቀመር መሠረት 10 ዓመት ያገለገለ ሰው የመጨረሻዎቹን 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ያገኛል። ከ10 ዓመት በላይ ለሆነው ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት ለሲቪል ሠራተኛ 1.25 በመቶ፣ ለወታደርና ለፖሊስ 1.65 በመቶ ይጨመራል። ጣሪያው 70 በመቶ ነው።

ለምሳሌ ያህል አማካይ ደመወዙ 10,000 ብር የሆነና 30 ዓመት ያገለገለ ሲቪል ሠራተኛ 30 በመቶው ላይ የ20 ዓመቱ 25 በመቶ ይደመርለትና 55 በመቶ፣ ይኸውም በወር 5,500 ብር ያገኛል። በተመሳሳይ ደመወዝና አገልግሎት ዘመን የወጣ ወታደር 63 በመቶ፣ ማለትም 6,300 ብር ይደርሰዋል። እንደ ጦር ኃይሎችና እንደ ፖሊስ ማሠልጠኛ ያሉት የኮልፌ ሠፈር ስሞች የሚያስታውሱት አካባቢው ከሠራዊትና ከፖሊስ ጋር ያለውን የቆየ ግንኙነት ነው። በመሆኑም ልዩነቱ ለአካባቢው ነጋዴ እንግዳ ሊሆን አይገባም።

12 እንጂ 13 አይደለም

ኢትዮጵያ የ13 ወር ፀሐይ አገር ትባላለች። ጡረታ ግን በዓመት 12 ጊዜ ነው የሚከፈለው። ለጳጉሜን ለብቻው የሚከፈል አበል የለም፤ ለወር ደመወዝተኛውም እንዲሁ። ይህ ተራ የአቆጣጠር ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን በገበያ ላይ የሚታይ ውጤት አለው።

ከላይ የተጠቀሰው ጡረተኛ በወር 5,500 ብር፣ በዓመት 66,000 ብር ያገኛል። በ30 ቀን ወር ሲካፈል በቀን 183 ብር ነው። አበሉ በየወሩ በተመሳሳይ ቀን ይገባል ብንል፣ በሌሎቹ ወራት በሁለት ክፍያዎች መካከል ያለው ጊዜ 30 ቀን ነው። ከነሐሴ እስከ መስከረም ያለው ግን 35 ቀን ይሆናል፤ በ2011 እና በ2015 ዓ.ም. እንደነበረው ጳጉሜን 6 ቀን ስትሆን ደግሞ 36 ቀን። ያው 5,500 ብር ለ35 ቀን ሲካፈል በቀን 157 ብር ብቻ ይደርሳል። ቅናሹ በቀን 26 ብር ነው።

ችግሩ ይህ ረዥም ወር የሚውልበት ጊዜ ነው። በእነዚያ 35 ቀናት ውስጥ ዘመን መለወጫ አለ፤ የትምህርት ቤት ምዝገባ፣ ደብተርና ዩኒፎርም አለ፤ መስከረም 17 ቀን ደግሞ መስቀል ይከተላል። ወጪው ከፍ በሚልበት ጊዜ የቀን ድርሻው ዝቅ ይላል። ዱቤ የሚሰጥ ነጋዴ በነሐሴ መጨረሻ የሰጠውን ሸቀጥ በመስከረም መግቢያ እሰበስባለሁ ብሎ ካሰበ የሚሳሳተው በዚህ ምክንያት ነው። ጡረተኛው ተንኮለኛ ሆኖ አይደለም፤ የዘመን አቆጣጠሩና የክፍያው ልማድ ስላልተገናኙ ነው። ለበዓል የሚሸጠውን ዘይት፣ ሽንኩርትና ቅቤ በዱቤ የሚያቀርብ ሱቅ የመሰብሰቢያውን ቀን ወደ መስከረም መጨረሻ አድርጎ የራሱን ጥሬ ገንዘብ ቢያዘጋጅ ይሻለዋል።

ሌላው ዓለም በየስንት ጊዜ ይከፍላል?

የወር ክፍያ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም። በእንግሊዝ የመንግሥት ጡረታ ዘወትር በየ4 ሳምንቱ ስለሚከፈል ጡረተኛው በዓመት 13 ጊዜ ይቀበላል፤ የሚከፈልበት የሳምንቱ ቀን የሚወሰነውም በማኅበራዊ ዋስትና ቁጥሩ የመጨረሻ ሁለት አኃዞች ነው። በአውስትራሊያ በየ2 ሳምንቱ፣ በጃፓን ደግሞ በየ2 ወሩ ይከፈላል፤ የጃፓኑ ቀን የጎዶሎ ሳይሆን የሙሉ ቁጥር ወራት 15ኛ ቀን ነው። በጣሊያን በታኅሣሥ 13ኛ ክፍያ ይጨመራል። በስፔን ክፍያው 14 ነው።

በአሜሪካ ክፍያው ወርኃዊ ነው። ለአብዛኛው ጡረተኛ የሚገባው እንደ ልደቱ ቀን በወሩ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ረቡዕ ነው፤ በ1 እና በ10 መካከል የተወለደ በሁለተኛው፣ እስከ 20 ያለው በሦስተኛው፣ ከዚያ በኋላ ያለው በአራተኛው ረቡዕ። ከአሜሪካ ጡረታ ወጥተው ቤቴልና ዓለም ባንክ አካባቢ ቤት ላላቸው ኢትዮጵያውያን ዕቃ የሚያቀርብ ነጋዴ የእነዚህ ደንበኞች ወር ከጎረቤታቸው ወር ጋር እንደማይገጥም ማወቅ ይጠቅመዋል።

የክፍያው ቁጥር መብዛት በራሱ ሀብት አይጨምርም። የ66,000 ብሩ ጡረተኛ በእንግሊዙ ዘዴ በየ28 ቀኑ ቢከፈለው በእያንዳንዱ ጊዜ የሚያገኘው 5,077 ብር ገደማ ነው። የዓመቱ ድምር ያው ነው። የሚጠቀመው የጳጉሜን ክፍተት ስለማይኖር ነው።

ጊዜው ቢራራቅስ?

ዋጋ በሚንርበት አገር ክፍያ መራራቁ ጉዳት አለው። የዋጋ ንረቱ በዓመት 20 በመቶ ነው ብንል በወር 1.5 በመቶ ገደማ ይሆናል። ያ ጡረተኛ በየወሩ 5,500 ብር በመቀበል ፈንታ በ3ኛው ወር መጨረሻ 16,500 ብር በአንድ ላይ ቢሰጠው፣ የመጀመሪያው ወር ብር 2 ወር ዘግይቶ 165 ብር ያህል፣ የሁለተኛው ወር ብር 1 ወር ዘግይቶ 83 ብር ያህል የመግዛት አቅም ያጣል። በሩብ ዓመት 248 ብር፣ በዓመት ወደ 1,000 ብር የሚጠጋ ነው። በዚያ ላይ በመካከሉ ለሚገዛው ዱቤ ባለሱቁ የሚጨምርበት ዋጋ አለ።

በኢትዮጵያ የዋጋ ንረቱ በ2014 ዓ.ም. ከ30 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር፤ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደርጓል። አበል ሲሻሻል የሚሻሻለው በመንግሥት ውሳኔ እንጂ ገበያው ዋጋ በጨመረ ቁጥር አይደለም። ስለዚህ የክፍያው በወር መሆን ጡረተኛውን ከመዘግየት ጉዳት ያድነዋል፤ ከዋጋ ንረት ግን አያድነውም።

ይህ ስሌት በተለይ የሚሠራው በመጀመሪያው ክፍያ ላይ ነው። ፋይሉ ያልተሟላ ጡረተኛ አበሉ እስኪወሰንለት ወራት ሊያልፉ ይችላሉ። ውዝፉ በኋላ ቢከፈለውም የመግዛት አቅሙ ተሸርሽሮ ነው የሚደርሰው። ውዝፍ የመጠየቂያ ጊዜም በይርጋ የተገደበ በመሆኑ ቸል ማለት አያዋጣም።

የ10 ዓመቱ መስመር

በየወሩ የሚከፈለው ሁሉም ሰው አይደለም። በዕድሜ ጡረታ የሚወጣ ሰው 10 ዓመት ካላገለገለ የሚያገኘው ወርኃዊ አበል ሳይሆን በአንድ ጊዜ የሚሰጥ ክፍያ ነው። በሌላ አነጋገር 9 ዓመት ከ11 ወር ያገለገለ ሰው አንድ ጊዜ ተቀብሎ ይሰናበታል፤ አንድ ወር የጨመረው ባልደረባው ግን አማካይ ደመወዙ 10,000 ብር ከሆነ በየወሩ 3,000 ብር ዕድሜ ልኩን ይቀበላል። ባለመብቱ ሲሞትም በ2003ቱ አዋጆች መሠረት የትዳር ጓደኛው የአበሉን 50 በመቶ፣ እያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ ያገኛሉ።

አሠሪ የሆነ ነጋዴ ሊያስብበት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በ10,000 ብር ደመወዝ ላይ የወሩ ሙሉ መዋጮ 1,800 ብር ነው፤ 700ው ከሠራተኛው፣ 1,100ው ከአሠሪው። አንዳንድ ባለሀብቶች ይህን ለመቀነስ በደመወዝ መክፈያ ሰነድ ላይ 5,000 ብር ብቻ አስፍረው ቀሪውን በእጅ ይሰጣሉ። አሠሪው በወር 550 ብር፣ ሠራተኛውም 350 ብር ያተረፉ ይመስላቸዋል። ነገር ግን አበሉ የሚታሰበው በተመዘገበው ደመወዝ ላይ በመሆኑ 30 ዓመት ያገለገለው ሠራተኛ 5,500 ብር ያገኝ የነበረው 2,750 ብር ብቻ ያገኛል። ዛሬ በወር 350 ብር ያዳነ ሰው ነገ በየወሩ 2,750 ብር ያጣል። አሠሪው በበኩሉ ጉዳዩ ሲታወቅ ያልተከፈለውን መዋጮ ከነቅጣቱ ይጠየቃል። የግል ድርጅት መዋጮ የሚሰበሰበው በግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት በኩል ስለሆነ ደግሞ የደመወዝ ግብሩና የጡረታው ሰነድ ጎን ለጎን ነው የሚታዩት።

የባንክ ደብተር መያዣ አይሆንም

በከተማው ሠፈሮች ከቆዩ ልማዶች አንዱ አበዳሪ የጡረተኛውን የባንክ ደብተር፣ አሁን አሁን ደግሞ የኤቲኤም ካርዱን ከነምስጢር ቁጥሩ በመያዣነት መቀበሉ ነው። አበሉ በየወሩ እርግጠኛ ሆኖ ስለሚገባ ከመሬት የተሻለ መያዣ ይመስላል። ሕጉ ግን የጡረታ መብት ወደ ሌላ ሰው እንዲተላለፍ አይፈቅድም። ከአበሉ ላይ መቁረጥ የሚቻለው ሕጉ በለያቸው ምክንያቶች፣ እንደ መንግሥት ዕዳና እንደ ቀለብ ላሉት፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው። የሱቅ ዱቤ ከእነዚህ ውስጥ የለም።

በተግባርም ካርዱን የያዘ አበዳሪ የያዘው ፕላስቲክ ብቻ ነው። ጡረተኛው ባንክ ሄዶ ካርዱን ሊያዘጋ ይችላል። ቢሞት ደግሞ አበሉ በስሙ መከፈሉ ያበቃል፤ የተተኪዎቹ አበል የእነርሱ የራሳቸው መብት ነው። ከሞት በኋላ በካርዱ ገንዘብ ያወጣ ሰው ዕዳ ሰበሰብኩ ቢልም የማይገባውን የሕዝብ ገንዘብ የወሰደ ተደርጎ ሊጠየቅ ይችላል። ዕድሜ ወይም ሕመም ከቤት ላስቀረው ጡረተኛ ሕጋዊው መንገድ ውክልና ነው፤ ውክልና ግን የመቀበል ሥልጣን እንጂ የባለቤትነት መብት አይሰጥም።

ዱቤ መስጠት የሚፈልግ ነጋዴ የሚያዋጣው መለኪያ የወሩ አበል ነው። ለአንድ ጡረተኛ የሚሰጠው ዱቤ ከአንድ ወር አበል የተወሰነ ክፍል እንዳያልፍ ማድረግና ወሩ ሲገባ ደብተሩን መዝጋት ካርድ ከመያዝ ይሻላል።

ኪራይና ጡረታ

ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ ጡረተኛው ተከራይ ብቻ ሳይሆን ብዙ ጊዜ አከራይም ነው። በግቢው ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ክፍል ሠርቶ የሚያከራይ ጡረተኛ አበሉን በኪራይ ይደግፋል። ቀድሞ ደላሎች የ3 ወር ወይም የ6 ወር ቅድሚያ ክፍያ ያስማሙ ነበር፤ አከራዩም በዚያ ትልልቅ ወጪዎቹን ይሸፍን ነበር። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ግን ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር እንዳይበልጥ ወስኗል፤ ውሉም ቢያንስ ለ2 ዓመት እንዲሆን፣ ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲፈጸም ያዛል።

በዚህም የጡረተኛ አከራይ ሁለቱም ገቢዎች ወርኃዊ ሆነዋል። ጣሪያ ለመለወጥ ወይም ክፍል ለመጨመር ከተከራይ በአንድ ጊዜ የሚያገኘው ገንዘብ የለም። ይህን የሚተካው ዕቁብ ወይም የባንክ ቁጠባ ነው። የግንባታ ዕቃ ነጋዴው ከእንዲህ ያለው ደንበኛ የሚጠብቀው ትልቅ ግዢ ዕቁብ በሚወጣበት ወር እንጂ ኪራይ በሚፈረምበት ወር አይደለም። ደላላም ጡረተኛ ተከራይን ሲያገናኝ የኪራዩ መክፈያ ቀን አበሉ ከሚገባበት ቀን በኋላ እንዲሆን ቢያስማማ ሁለቱንም ወገን ከጭቅጭቅ ያድናል።

ገንዘቡ የት ይቀመጣል?

መዋጮ በየወሩ ገብቶ አበል በየወሩ ሲወጣ የሚተርፈው በፈንዱ ይከማቻል። ለረዥም ዓመታት የዚህ ገንዘብ ዋነኛ ማረፊያ የመንግሥት ግምጃ ቤት ሰነድ ሲሆን፣ ወለዱ ከዋጋ ንረቱ በእጅጉ ያነሰ ነበር። ባለ 28፣ 91፣ 182 እና 364 ቀን ሰነዶች በገበያ ጨረታ መሸጥ የጀመሩት በ2012 ዓ.ም. ነው። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያም በጥር 2017 ዓ.ም. ተከፍቷል። ለባለሀብቱ የዚህ ትርጉም ቀላል ነው። የጡረታ ፈንዶች በየወሩ ትኩስ ገንዘብ የሚገባላቸው፣ በረዥም ጊዜ የሚያስቡ ገዢዎች ናቸው፤ የሚገዙትና የማይገዙት ነገር የገበያውን ዋጋ ያንቀሳቅሳል።

ለጡረተኛውም ትርጉም አለው። የነገው ወር አበል መጠን የሚወሰነው በዛሬው መዋጮ ብቻ ሳይሆን ያ መዋጮ ባስገኘው ትርፍ ጭምር ነው። ፈንዱ ከዋጋ ንረት በታች ካተረፈ አበልን ለማሻሻል የሚያስችለው አቅም ይሳሳል፤ ይህም ዞሮ ዞሮ የአየር ጤናው ባለሱቅ ሚዛን ላይ ይታያል።

በአጠቃላይ የጡረታ ብር በዓመት 12 ጊዜ ይመጣል፣ በመስከረም ይሳሳል፣ በመያዣነት አይያዝም፣ ከ10 ዓመት በታች ላገለገለ በየወሩ አይከፈልም። እነዚህን አራት ነገሮች በዱቤ ደብተሩ ሽፋን ላይ ጽፎ የያዘ ነጋዴ ከደንበኛው ጋር ሳይጣላ ሒሳቡን መዝጋት ይችላል። አሠሪ ከሆነ ደግሞ በየወሩ የሚያስገባው 18 በመቶ የነገ ገበያተኛውን ጭምር የሚያቆይለት መሆኑን አብሮ ቢያሰላ ይጠቅመዋል።